ከቫይረስ ሕመም አገግማችኋል? ፕላዝማ ልትለግሱ ከመሄዳችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ከኮሮና የዳነ ሰው «የኔ ደም ለታመመ ሰው መድኃኒት ይሆናል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ትክክለኛው መልስ «አንዳንዴ» ነው። ማገገም ብቻውን አይበቃም። መቼ እንደዳናችሁ ይጠየቃል። ሕመሙ በምን እንደተረጋገጠ፣ ምን መድኃኒት እንደወሰዳችሁ፣ አርግዛችሁ እንደምታውቁ፣ በቅርቡ የት እንደተጓዛችሁ ሁሉ ይጠየቃል። ጥያቄው ሲበዛ ሰው ይሰለቻል፣ አንዳንዱም ይቀየማል። ግን እያንዳንዱ ጥያቄ ወይ እናንተን ወይ ፕላዝማውን የሚወስደውን በሽተኛ ለመጠበቅ የተቀመጠ ነው። ምክንያቱን አስቀድማችሁ ካወቃችሁ በከንቱ አትመላለሱም።

እዚህ የምጽፈው በአብዛኛው በአሜሪካ ለኮቪድ-19 ፕላዝማ ለጋሾች የወጣውን ደንብ ተከትሎ ነው። ሌላ አገር ያላችሁ ያገራችሁን ደም ባንክ ጠይቁ። ቁጥሮቹ ሊለያዩ ይችላሉ፣ ምክንያቶቹ ግን በየትም ቦታ ያው ናቸው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. መጀመሪያ ደውሉ፦ ይሰበስባሉ ወይ?

ዝም ብሎ ከመሄድ በፊት አንድ ስልክ መደወል ብዙ ያድናል። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ግን ትንሽ ታሪክ ያስፈልጋል።

ከደማችን ከግማሽ በላይ የሚሆነው ፈዘዝ ያለ ቢጫ ፈሳሽ ነው። ፕላዝማ የሚባለው እሱ ነው። ቫይረስ ሲይዘን ሰውነታችን የሚሠራቸው ፀረ እንግዳ አካላት፣ ማለትም አንቲቦዲዎች፣ የሚገኙት እዚህ ውስጥ ነው። ከዳነ ሰው ወስዶ ለታመመ መስጠት የሚለው ሐሳብ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ኤሚል ፎን ቤሪንግና ሺባሳቡሮ ኪታሳቶ በ1890 በርሊን ውስጥ በሽታውን ከተቋቋሙ እንስሳት የተወሰደ የደም ፈሳሽ ሌላውን እንደሚከላከል አሳዩ። ቤሪንግ በ1901 የመጀመሪያውን የሕክምና ኖቤል ሽልማት ያገኘው በዚሁ ሥራ ነው። በ1918ቱ የኅዳር በሽታ ጊዜም ሐኪሞች ካገገሙ ሰዎች የተወሰደ ደም ሞክረዋል።

በጣም የሚያሳምነው ማስረጃ የመጣው ግን ከአርጀንቲና ነው። እዚያ ሁኒን የሚባል ቫይረስ አለ። በሜዳ አይጦች ይተላለፋል፣ በብዛት የሚይዘውም የእርሻ ሠራተኞችን ነው፤ ደም ያደማል፣ ይገድላል። በ1979 በወጣ ጥናት ተራ ፕላዝማ ከተሰጣቸው ሕሙማን 16.5 በመቶው ሞቱ። ካገገሙ ሰዎች የተወሰደ ፕላዝማ ካገኙት ውስጥ የሞቱት 1 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ቁልፉ ጊዜው ነበር፤ ፕላዝማው የተሰጠው ሕመሙ በጀመረ በ8 ቀን ውስጥ ነው። እስከ ዛሬም የዚያ በሽታ ሕክምና ይኸው ነው። የሚገርመው፣ በኋላ ጥሩ ክትባት ሲመጣ ታማሚው ቀነሰ፣ አገግሞ ፕላዝማ የሚሰጥ ሰውም አብሮ ቀነሰ።

ለሌሎች ቫይረሶች ውጤቱ እንዲህ ጥርት ያለ አልሆነም። ጊኒ ውስጥ ለኢቦላ ተሞክሮ የሞት ቁጥሩን በግልጽ አልቀነሰም። በኮሮና ጊዜ በብሪታንያ ሆስፒታል የተኙ ከ11,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት ልዩነት አላገኘም። በሌላ በኩል አርጀንቲና ውስጥ ምልክት በጀመራቸው በ3 ቀን ውስጥ ፕላዝማ የተሰጣቸው አረጋውያን በጽኑ የመታመም ዕድላቸው በግማሽ ገደማ ቀንሷል። ሁለቱን ስታስተያዩ የሚወጣው ነገር ግልጽ ነው፤ ፕላዝማው ከጠቀመ የሚጠቅመው ቶሎ ሲሰጥና አንቲቦዲው ብዙ ሲሆን ነው። የራሱን አንቲቦዲ መሥራት ለማይችል ሰው ደግሞ ይበልጥ ያስፈልጋል።

በዚህ ምክንያት የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በነሐሴ 2020 በሰፊው የሰጠውን የአስቸኳይ ጊዜ ፈቃድ በየካቲት 2021 አጠበበው። በታኅሣሥ 2021 ደግሞ የመከላከል አቅማቸው ለተዳከመ ሕሙማን ብቻ እንዲሆን ወሰነ። ከዚያ ወዲህ የእናንተን ፕላዝማ የሚጠብቀው በዋናነት እንደ ደም ካንሰር ያለበት ወይም ኩላሊት የተተከለለት ዓይነት ሰው ሆነ። ፍላጎቱ ስለጠበበ የማይሰበስቡ ማዕከላት አሉ። ስለዚህ ስትደውሉ በቀጥታ «ከኮቪድ ካገገመ ሰው ፕላዝማ አሁን ትቀበላላችሁ?» በሉ። የለም ካሉ ተራ ፕላዝማ ወይም ሙሉ ደም መስጠት ትችላላችሁ፣ እሱ ሁሌም ይፈለጋል።

በነገራችን ላይ፣ በቴሌግራምና በፌስቡክ «ያገገመ ሰው ፕላዝማ በአስቸኳይ ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ ብታዩ ለጻፈው ሰው ከመደወል ይልቅ በሽተኛው የተኛበትን ሆስፒታል ወይም ደም ባንኩን አነጋግሩ። ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ መሐል ከገባ ራቁ።

2. መታመማችሁን የሚያሳይ ወረቀት ፈልጉ

«ጉንፋን መስሎኝ ነበር፣ ግን ኮሮና ሳይሆን አይቀርም» አይሠራም። በታመማችሁበት ጊዜ የተደረገ ምርመራ ውጤት ያስፈልጋል፤ ስማችሁና ቀኑ ያለበት። ብዙ አበሻ ቤቱን ዘግቶ፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት አፍልቶ፣ ዳማከሴ አሽትቶ ነው የዳነው። ምርመራ አላደረገም። እንዲህ ያላችሁ ደም ባንኩን የአንቲቦዲ ምርመራ ይቀበል እንደሆነ ጠይቁ። ከተከተባችሁ ግን ይህ ነገሩን ያወሳስበዋል፣ ምክንያቱም አንዳንዱ ምርመራ ከክትባት የመጣውን አንቲቦዲ በሕመም ከመጣው አይለይም።

ውጤቱ የተላከላችሁ በኢሜይል ከሆነ አሁኑኑ ፈልጋችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት። ክሊኒክ ከሆነ ደውላችሁ ቅጂ ጠይቁ። ቤት ውስጥ በራሳችሁ የመረመራችሁ ደግሞ ማዕከሉ ይቀበል እንደሆነ ቀድማችሁ አረጋግጡ።

3. ቀን ቁጠሩ

ቆጠራው የሚጀምረው ምርመራው ፖዘቲቭ ካለበት ቀን አይደለም። የመጨረሻው ምልክት ከጠፋበት ቀን ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። መስከረም 1 ተመርምራችሁ የመጨረሻው ምልክት መስከረም 15 ከለቀቃችሁ፣ መነሻችሁ 15 ነው። አሜሪካ ውስጥ ለረጅም ጊዜ የተጠየቀው ቢያንስ 14 ቀን ነበር፤ በ2022 መጀመሪያ ወደ 10 ቀን ዝቅ ተደረገ። አሁንም ቀለል ያለ ሳል ወይም ድካም ካለባችሁ «ምንም አይደለም» ብላችሁ አትለፉት፣ ተናገሩ።

ብዙ መቆየትም አይሆንም። አንቲቦዲ በወራት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል። ካገገሙ በኋላ ለተከተቡ ለጋሾች ደንቡ የ6 ወር ገደብ አስቀምጦ ነበር። ስለዚህ የሚሻለው ጊዜ ከዳናችሁ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ወራት ናቸው።

ሁሉም ያገገመ ሰው እኩል አንቲቦዲ የለውም። በጽኑ ታመው ሆስፒታል የተኙት በአብዛኛው ብዙ ይኖራቸዋል። በቀላሉ ያለፈላቸው ብዙዎች ትንሽ ነው የሚገኝባቸው። መጠኑ በላብራቶሪ ይለካል፣ ዝቅ ያለ ከሆነ ለዚህ ሕክምና አይውልም። ይሄ የእናንተ ጥፋት አይደለም፤ ቀላል ሕመም መታመም ዕድለኝነት ነው።

4. ክትባቱንና መድኃኒቱን በሙሉ ጻፉ

ተከትባችሁ ግን ኮሮና ይዟችሁ የማያውቅ ከሆነ ለዚህ ልገሳ አትሆኑም። ታማችሁም ተከትባችሁም ከሆነ ግን በተቃራኒው በጣም ተፈላጊ ናችሁ፣ ሁለቱ ሲደራረቡ አንቲቦዲው ከፍ ይላል።

ስትታመሙ የሞኖክሎናል አንቲቦዲ፣ ማለትም በፋብሪካ የተሠራ አንቲቦዲ፣ መርፌ ከወሰዳችሁ ሦስት ወር ትጠብቃላችሁ። ምክንያቱም ደማችሁ ውስጥ የሚለካው የፋብሪካው ይሆናል። ራሳችሁ የሌላ ሰው ፕላዝማ ወይም ደም ከተሰጣችሁም እንዲሁ ሦስት ወር።

ሌላውንም መድኃኒት በሙሉ ወረቀት ላይ አስፍሩ። የግፊት፣ የስኳር፣ ደም የሚያቀጥን፣ የብጉር ኪኒን ሳይቀር። የባህል መድኃኒትም ከወሰዳችሁ ተናገሩ። አብዛኛው ችግር የለውም፣ ጥቂቱ ግን ያስቆማል፤ የሚወስነውም ጠያቂው ባለሙያ ነው።

5. ተራውን የለጋሽ መስፈርት አትርሱ

ያገገማችሁ መሆናችሁ ከማንኛውም የደም ለጋሽ መስፈርት ነፃ አያደርጋችሁም። በአሜሪካ ብዙ ቦታ ዕድሜ 17 ዓመትና ከዚያ በላይ፣ ክብደት ቢያንስ 50 ኪሎ ነው። ሄሞግሎቢን፣ ማለትም ቀይ የደም ሴል ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር፣ ቢያንስ ለሴት 12.5፣ ለወንድ 13 ግራም በዴሲሊትር መሆን አለበት። የላይኛው የደም ግፊት ከ90 እስከ 180፣ የታችኛው ከ50 እስከ 100 ውስጥ ከሆነ ያልፋል። ትኩሳትም ይለካል። ኢትዮጵያ ውስጥ ደም ለመለገስ የሚጠየቀው ዕድሜ ከ18 እስከ 65፣ ክብደቱም 45 ኪሎና ከዚያ በላይ ነው።

ለእኛ ሰዎች ዋናው ማሰናከያ የወባ ጥያቄ ነው። ስለዚህ ትንሽ ልዘርዝረው።

አሜሪካ ውስጥ ደም ለመስጠት ወባ ያለበትን አካባቢ ጎብኝቶ የተመለሰ ሰው ሦስት ወር ይጠብቃል። ጎብኚ ከሆናችሁ የሚታየው የሄዳችሁበት ቦታ ነው። አዲስ አበባ ወባ የለባትም። ባሕር ዳር፣ አርባ ምንጭ፣ ጋምቤላ ወይም አዋሽ ከወረዳችሁ ግን ሦስቱ ወር ይቆጠርባችኋል። «ኢትዮጵያ ሄጄ ነበር» ብቻ ካላችሁ ጠያቂው ዝርዝሩን ስለማያውቅ ያቆያችኋል። የት የት እንዳደራችሁ ጽፋችሁ ሂዱ።

ኢትዮጵያ ውስጥ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ በተከታታይ ኖራችሁ የመጣችሁ ከሆነ ግን ሌላ ነው። እዚህ የሚታየው ከተማው ሳይሆን አገሩ ነው። አዲስ አበባ ተወልዳችሁ ብታድጉም ከመጣችሁ ሦስት ዓመት እስኪሞላ ትጠብቃላችሁ። ሦስቱ ዓመት ሳይሞላ ወባ ወዳለበት ተመልሳችሁ ከሄዳችሁ ሦስቱ ዓመት እንደገና ይጀምራል። ሦስቱን ከጨረሳችሁ በኋላ ለጉብኝት ብትሄዱ እንደማንኛውም ተጓዥ ሦስት ወር ነው። ወባ ታማችሁ የምታውቁም ከዳናችሁ ሦስት ዓመት ማለፍ አለበት።

የወባ ተሕዋስ የሚኖረው ቀይ የደም ሴል ውስጥ ነው። ፕላዝማ ብቻ ስትሰጡ ሴሎቹ ወደ እናንተ ይመለሳሉ። ስለዚህ ማዕከሉ ይህን ደንብ ለፕላዝማም ይሠራበት እንደሆነ ጠይቁ፣ ዝም ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ።

6. እናቶች አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለባችሁ

አርግዘሽ ታውቂያለሽ ወይ ተብላችሁ ትጠየቃላችሁ። ያስወረዳቸውም ይቆጠራሉ። በእርግዝና ጊዜ የእናት ሰውነት ከአባቱ ወገን ከመጣው የልጁ ሴል ጋር ይተዋወቃል፣ አንዳንዴም በሱ ላይ አንቲቦዲ ይሠራል። ይሄ እናቲቱን አይጎዳም። ፕላዝማዋ ሌላ ሰው ሳንባ ውስጥ ሲደርስ ግን አልፎ አልፎ ከባድ የመተንፈስ ችግር ሊያስነሳ ይችላል። የሚወስደው ሰው ደግሞ ቀድሞውኑ በሳንባው የታመመ ነው።

ስለዚህ ወላድ ሴት ለዚህ አንቲቦዲ ተመርምራ ነፃ መሆኗ መታየት አለበት፤ ምርመራውም ከመጨረሻው እርግዝና በኋላ የተደረገ መሆን አለበት። ማዕከሉ ራሱ ይመረምር እንደሆነ በስልክ ጠይቁ። ቢገኝባችሁ ሕመም አይደለም፣ ሕክምናም አያስፈልገውም።

7. የደም ዓይነታችሁ

ብዙ ሰው ኦ የሆነ ለሁሉም ይሰጣል የሚለውን ያውቃል። ለቀይ ሴል እውነት ነው። ለፕላዝማ ግን ተገላቢጦሽ ነው፦ ለሁሉም የሚሆነው የኤቢ ፕላዝማ ነው፣ የኦ ፕላዝማ የሚሆነው ለኦ ሰው ብቻ ነው። ኤቢ የሆናችሁ እዚህ ላይ ተራችሁ ደርሷል። ሌሎቻችሁም ግን ሂዱ፤ በሽተኛውም ሁሉም ዓይነት አለው።

8. በዕለቱ ምን ይበላል?

ክትፎ በልታችሁ እንዳትሄዱ። ቀልድ አይደለም። ቅባት የበዛበት ምግብ ከበላችሁ በኋላ ለተወሰኑ ሰዓታት ስቡ ደማችሁ ውስጥ ይዞራል፣ ፕላዝማውም እንደ ወተት ይደፈርሳል። የደፈረሰ ፕላዝማ ይጣላል። ዱለት፣ ጥብስ፣ ቅቤ የገባበት ዶሮ ወጥ ለማታ ይቆይ። ሽሮ በትንሽ ዘይት፣ ምስር፣ እንጀራ፣ ገንፎ ያለ ቅቤ፣ ፍራፍሬ፣ ይሄ ሁሉ ጥሩ ነው።

በባዶ ሆድም አትሂዱ። የጾም ወቅት ከሆነና እስከ ዘጠኝ ሰዓት የማትቀምሱ ከሆነ ቀጠሮውን ከሰዓት በኋላ፣ ከበላችሁ በኋላ አድርጉት። በረመዳንም ያው ነው፤ ወይ ከጾሙ ወር በኋላ ሂዱ፣ ወይ ካፈጠራችሁ በኋላ የሚሠራ ማዕከል ካለ ፈልጉ። ከዋዜማው ጀምሮ ውኃ ጠጡ። ደም ሥር ቶሎ የሚገኘው ውኃ ለጠጣ ሰው ነው።

ጫት የሚቅሙ ካላችሁ በዋዜማውና በዕለቱ ተዉት። ግፊትና የልብ ምት ከፍ ስለሚያደርግ በር ላይ ትመለሳላችሁ። አንድ ሲኒ ቡና አይጎዳም፣ ሦስቱን ረድፍ ጠጥቶ መሄድ ግን ይቅር። መታወቂያ፣ የምርመራ ውጤቱን፣ የመድኃኒት ዝርዝሩንና የጉዞ ቀኖቹን ያዙ። እጅጌው የሚጠቀለል ልብስ ልበሱ።

9. ወንበሩ ላይ

ሁለት ሰዓት ያህል መድቡ፤ መጠይቁና ምርመራው ጭምር ነው። መርፌው ክንዳችሁ ላይ ይገባል፣ ደሙ ወደ ማሽን ይሄዳል። ማሽኑ እያሽከረከረ ፕላዝማውን ለይቶ ያስቀራል፣ ቀይ ሴሎቹን ይመልስላችኋል። ሲመለስ ቀዝቀዝ የሚል ስሜት አለው። እንደ ክብደታችሁ ከ600 እስከ 800 ሚሊ ሊትር ገደማ ይወሰዳል። ከዚያ ሦስት ወይም አራት ከረጢት ይወጣል፣ ለሦስት ወይም ለአራት ሰው ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ደሙ እንዳይረጋ ሲትሬት የሚባል ነገር ይጨመርበታል። እሱ ለጊዜው ካልሲየም ይይዛል፣ ስለዚህ ከንፈራችሁን ወይም የጣቶቻችሁን ጫፍ ሊነዝራችሁ ይችላል። ይሄኔ በይሉኝታ ዝም አትበሉ። እኛ «ደኅና ነኝ፣ ደኅና ነኝ» ስንል ነው የሚያዞረን። ለነርሷ ወዲያው ንገሯት፣ ማሽኑን ታዘገየዋለች ወይም የሚታኘክ ካልሲየም ትሰጣችኋለች፣ በደቂቃዎች ውስጥ ይለቃል።

ሲያልቅ ጥቂት ቁጭ በሉ፣ ጭማቂ ጠጡ። በዚያ ክንድ ዕቃ አትሸከሙ፣ በዕለቱ ጂም ይቅር። ፈሳሹ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይተካል። ለሕሙማን በቀጥታ የሚሰጥ ፕላዝማ በመደበኛው ደንብ በየ28 ቀኑ መለገስ ይቻላል።

10. ቢመልሷችሁ

ምክንያቱንና እስከ መቼ እንደሆነ ጠይቁ። «አሁን አይሆንም» እና «መቼም አይሆንም» የተለያዩ ናቸው። ሄሞግሎቢን ዝቅ ብሎ ከሆነ ሐኪም አናግራችሁ ብረት ያለው ምግብ ጨምሩ። ወባ ከሆነ ቀኑን ስልካችሁ ላይ አስታዋሽ አድርጉት።

መመለስ የሚያስቀይማቸው ሰዎች ምክንያት አላቸው። እስራኤል ውስጥ ቤተ እስራኤላውያን የለገሱት ደም በምስጢር ይጣል እንደነበር በ1996 ሲታወቅ ብዙ ሺህ ሰው ኢየሩሳሌም ላይ ለተቃውሞ ወጥቷል። ያ ሰዎችን በትውልዳቸው በጅምላ ያገለለ አሠራር ነበር። የለጋሽ ጥያቄ ሲቀርብላችሁ ለሁሉም የሚቀርብ መሆኑን ማየት፣ ካልመሰላችሁም ደንቡን አሳዩኝ ማለት መብታችሁ ነው።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ሲወጡ የልገሳ ቁጥር ያለበት ወረቀት ይሰጣችኋል፣ አትጣሉት። ፕላዝማው ተመርምሮ፣ በረዶ ሆኖ እስከ አንድ ዓመት ሊቀመጥ ይችላል። ከለገሳችሁ በኋላ ባሉት ቀናት ትኩሳት ከያዛችሁ፣ ወይም መጠይቁ ላይ የረሳችሁት ነገር ትዝ ካላችሁ፣ ያን ቁጥር ይዛችሁ ወዲያው ደውሉ። ለበሽተኛ ሳይሰጥ ከማቀዝቀዣ ያወጡታል።